ስንት ደቂቃ ትችላለህ?

ሰገራ ሲመጣብኝ ስንት ደቂቃ መያዝ እንደምችል ለሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ ፊንጢጣዬ አጠገብ ያወጣብኝን ቁስል ያዩ ብዙ ናቸው። መግሉን ያፈሰሱ አሉ። ቀዳዳውን የቆጠሩም አሉ። ጡንቻው ይሠራል ወይ፣ አንጀቱስ ይይዛል ወይ ያለኝ ግን አልነበረም። እኔም አፍሬ አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አፍሮ ዝም ላለ ሰው ነው።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ። ይህ ሥራ ድንገት ብድግ ብለው የሚሄዱበት አይደለም። ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ የብሩ ሳጥን ይቆለፋል፣ ለኃላፊ ይነገራል። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ያኔ እኔ ሁለት ደቂቃ አልነበረኝም። ጠዋት ቁርስ ሳልበላ እገባለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ሱሪ አለ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የማይቆም ተቅማጥ መጣ። ኪሎዬ ቀነሰ። ቀጥሎ ፊንጢጣዬ አጠገብ እብጠት ወጣ። ቤት ውስጥ ሁሉም «ኪንታሮት ነው» አለ። እኛ ጋ እዚያ አካባቢ የሚወጣ ነገር ሁሉ ስሙ ኪንታሮት ነው። ኪንታሮት ያደርቃል የተባለ የባህል ሐኪም ጋ ሄድኩና የሚያቃጥል መድኃኒት ቀባኝ። ለአንድ ሳምንት መቀመጥ አቃተኝ። አደራችሁን፣ ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታስቀቡ። የሚያቃጥል ነገር ጠባሳ ይተዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ጠባሳ ማለት የማይለጠጥና በደንብ የማይዘጋ በር ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ እብጠቱን ቀዶ መግሉን አፈሰሰው። ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ተቀደደ። ሦስተኛ ሲመለስ ነው አንድ ወጣት ሐኪም ቁስሉን ትቶ ስለ እኔ የጠየቀኝ። ተቅማጥ አለህ? ከስተሃል? አፍህ ውስጥ ቁስል ይወጣል? ለሁሉም መልሴ አዎ ነበር። እንዲህ ያለ እብጠት ከተቅማጥና ከክሳት ጋር ሲመላለስባችሁ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪማችሁን «ከአንጀት የመጣ ሊሆን ይችላል?» በሉት።

ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ፤ ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትን ከውስጥ ማየት ነው። ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ ግን ቶሎ አልተወሰነም። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር ሐኪም ሁለቱን ሳይለይ መድኃኒት ቢጀምር አደጋ ነው፤ ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ሲረዝም አትማረሩ። እኔ ተማርሬ ነበር፣ ሳይገባኝ።

በመጨረሻ የክሮንስ በሽታ ነው ተባልኩ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት ኮሮና የሚል መሰላት። ጊዜው የዚያ ጊዜ ነውና አለቀሰች። የለም እማዬ፣ ቡሪል ክሮን በሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ስም የተጠራ የአንጀት በሽታ ነው፣ ተላላፊም አይደለም አልኳት። የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ያስቆጣል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ቦታ ሊወጣ ይችላል። አንዳንዶቻችን ላይ ፊንጢጣ ዙሪያ ይወርድና እብጠት፣ ስንጥቅና ፊስቱላ ያመጣል።

ፊስቱላ የሚለው ቃልም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ይርጋለም የሐምሊን ማዕከል ስላለ በእኛ አካባቢ ፊስቱላን የማያውቅ የለም። የሚታወቀው ግን በወሊድ የሚመጣው ነው። ለባለቤቴ ስነግራት «እሱ የሴት በሽታ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። ቃሉ ግን መኖር የሌለበት ቀዳዳ ወይም መተላለፊያ ማለት ነው። የእኔው ከፊንጢጣ ውስጥ ተነስቶ በቆዳ በኩል የሚወጣ ቀጭን ዋሻ ነው። ወንድም ሴትም ላይ ይወጣል።

በ2015 ዓ.ም. ነው እዚሁ ሐዋሳ አንዲት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋ የደረስኩት። እንደ ልማዴ ልተኛና ላሳያት ወደ አልጋው ሄድኩ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ሲመጣብህ ስንት ደቂቃ ትችላለህ?»

ዝም አልኩ። ቀጥሎ የመጣው ዕንባ ነው። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። «አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ዶክተር» አልኳት።

የዚያ ቀን ያስረዳችኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። ፊንጢጣን የሚዘጉት ሁለት የቀለበት ጡንቻዎች ናቸው። የውስጠኛው እኛ ሳናዘው ቀንም ሌሊትም ይዘጋል። ዝም ብለን በተቀመጥንበት ካለው ግፊት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእሱ ነው። ተኝተን የማያመልጠን በእሱ ነው። የውጭኛውን የምናዘው እኛ ነን። ሽንት ቤት እስክንደርስ የምናጠብቀው እሱን ነው። ከሁለቱ በላይ ደግሞ ሰገራ የሚጠራቀምበት የአንጀት መጨረሻ አለ። ጤነኛ ሲሆን እንደ ስልቻ ነው። ሲገባበት ይሰፋል፣ ይታገሣል። በበሽታው ሲቆጣና ጠባሳ ሲይዝ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ይገትራል። ትንሽ ሲገባበት ሞላሁ ይላል።

ስለዚህ «ያመልጠኛል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሳላውቀው ልብሴ ላይ የማገኘው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው ጡንቻ ይሄዳል። አውቄው፣ እየሮጥኩ፣ ሳልደርስ የሚያመልጠኝ ከሆነ ወደ ውጭኛው ጡንቻ ወይም ወደ ደረቀው ስልቻ። ልብሴን የሚያበላሸው ከፊስቱላው የሚወጣ መግል ከሆነ ደግሞ ጡንቻው ጨርሶ ላያጠፋ ይችላል። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ «ፈሰሰኝ» ነበር የምለው።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ ጻፍ አለችኝ። ሰዓቱን፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን (ፈሳሽ ማለት ነው) ወይም አየር ብቻ፣ ስንት ደቂቃ እንደያዝኩ፣ ደረስኩ ወይስ አልደረስኩም፣ ሌሊት ነው ቀን። አንድ ሌላ ነገርም አሳየችኝ። ሁለት ቁራጭ ጎዝ ትይዛለህ፣ አንዱን ከፊስቱላው አፍ ላይ፣ ሌላውን ፊንጢጣው ላይ ታደርጋለህ፣ ማታ ሁለቱንም ታያለህ። እኔ ባደረግኩበት ሁለት ሳምንት የፊስቱላው ጎዝ በየቀኑ ቢጫ ሆኖ ረጠበ። የፊንጢጣው አብዛኛውን ቀን ደረቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሰገራ ይፈሰኛል» እያልኩ የኖርኩት ለካ አብዛኛው መግል ነበር። ያን ማታ ለባለቤቴ ጎዙን ያሳየኋት እንደ ምሥራች ነው።

ከደብተሩ ጋር የዌክስነር ነጥብ የሚባል መጠይቅ አለ። አምስት ጥያቄ ነው። ወፍራም ሰገራ፣ ቀጭን ሰገራ፣ አየር፣ ፓድ ማድረግ፣ የኑሮ መለወጥ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ20 ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩ የከፋ ነው። የእኔ 13 ነበር። ማሽን አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሕክምና በፊትና በኋላ ማወዳደሪያ ይሆናል። አንድ ጉድለት ግን አለው፦ መግልን ከሰገራ አይለይም። ፊስቱላ ያለበት ሰው ሳይለይ ከሞላው ቁጥሩ ያለ አግባብ ይሰቀላል።

በጣት የሚደረገውን ምርመራ ብዙ ሰው ይፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር። በግራ ጎን ተኝታችሁ ጉልበታችሁን ታጥፋላችሁ። ሐኪሟ ጓንት አድርጋ፣ ቅባት ቀብታ፣ ቀስ ብላ ታስገባለች። መጀመሪያ ዝም በል፣ ቀጥሎ እንደምትይዝ ሆነህ አጥብቅ፣ ከዚያ እንደምትቀመጥ ሆነህ ግፋ ትላለች። የለመደች ጣት ብዙ ነገር ታነብባለች። ልትፈተሹ ስትሉ ከፍተኛ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የሚመታ እብጠት ካለ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። መግል የቋጠረ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይፈሳል፤ ሌላው ሁሉ ይቆያል። እንዲህ ያለ ሕመም ከትኩሳት ጋር ቤታችሁ ከመጣባችሁም ሌሊቱን አትደሩበት።

ለኤምአርአይ አዲስ አበባ ሄድኩ። በአውቶቡስ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ቁስል ላይ ተቀምጦ መሄድ ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። ኤምአርአዩ የፊስቱላውን መንገድ በደንብ አሳየ። ዋሻው ሁለቱንም ጡንቻ አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። ከዚያ በሰመመን ተመረመርኩና በዋሻው ውስጥ ክር ገባልኝ። ሴቶን ይሉታል። ላላ ያለ ክር ነው። ሥራው ቀዳዳው በላዩ እንዳይደፈንና መግል ውስጥ እንዳይቋጠር መንገድ መጠበቅ ነው። ጡንቻ ለመቁረጥ አይደለም። ክሩ ከገባ በኋላ እብጠት አልተመለሰብኝም። መግሉም እየቀነሰ መጣ።

በመሐል አንድ ቦታ «ዋሻውን ቀደን እንክፈተው፣ በአንድ ቀን ትገላገላለህ» ተባልኩ። መገላገል የማይፈልግ የለም፤ ልስማማ ነበር። የሐዋሳዋ ሐኪሜ ግን እጇን አወዛወዘች። «ወፍራም ሰገራ ያለው ሰው ትንሽ ጡንቻ ቢያጣ ይችለዋል። አንተ ቀጭን ነው የሚመጣብህ። ቀጭን የሚይዘው ጠንካራ ጡንቻ ነው። ያለህን ሳንለካ አንቆርጥም» አለችኝ። ላይ ላዩን ያለ ትንሽ ፊስቱላ ሊከፈት ይችላል። ክሮንስ ያለበት ሰው ላይ፣ ጡንቻ ያቋረጠ ከሆነ ግን ቢላዋ የመጨረሻ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብላችሁ «ከጡንቻዬ ምን ያህሉ ይነካል? አሁን ያለኝስ ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ሳታገኙ አትፈርሙ።

በማሽን መለካቱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጎቴ ለልብ ሕክምና ህንድ ሲሄድ አስታማሚ ሆኜ ሄድኩ። ቤተሰቡ ለእሱ ያዋጣው ገንዘብ ነው፤ እሱ ግን «አንተም ታይ፣ ሳትታይ አንመለስም» ብሎ ከዚያው ላይ ከፈለልኝ። ውለታው አለብኝ።

ምርመራው ማኖሜትሪ ይባላል። ሰመመን የለውም። ከእስክሪብቶ የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበት ለስላሳ ቱቦ ይገባል። ፊኛ ስል የልደት ፊኛ ዓይነቱን ማለቴ ነው። ቱቦው ላይ ያሉት መለኪያዎች ግፊትን ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። ዝም በል አሉኝ፣ ዝም አልኩ። አጥብቅ አሉኝ፣ አጠበቅኩ። የቻልከውን ያህል ያዘው አሉኝ። አስሉኝ። ግፋ አሉኝ። ሁሉም መስመር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ከዚያ ፊኛው ቀስ በቀስ በአየር ይሞላል። ሦስት ነገር መናገር አለባችሁ፦ መጀመሪያ የተሰማችሁን፣ ሽንት ቤት ልሂድ ያላችሁበትን፣ ከዚህ በላይ አልችልም ያላችሁበትን። እዚህ ላይ ጀግና አትሁኑ። ችዬ ላሳያቸው ብላችሁ ከታገሣችሁ የሚለካው የእናንተ አንጀት አይደለም። በመጨረሻ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ የያዘ ፊኛ አስቀምጠው ብቻዬን ሽንት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳወጣው ጠየቁኝ። ይህ የሚታየው አንዳንዱ ሰው መያዝ ሳይሆን ማውጣት አቅቶት፣ የቀረው በኋላ ስለሚያመልጠው ነው። አጠቃላዩ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ፈጀ። ክሩ ስላለ ትንሽ ቆጠቆጠኝ እንጂ አላመመኝም። የከበደኝ ዕፍረቱ ነበር፤ እሱም አምስት ደቂቃ ቆይቶ ለቀቀኝ።

ውጤቱ ያሰብኩትን አልነበረም። ሦስት ዓመት «ጡንቻዬ ሞቷል» እያልኩ ነበር። ሳጠብቅ ያለው ግፊት ደህና ነው። ዝም ስል ያለው ትንሽ ዝቅ ብሏል። በአልትራሳውንድ ሲታይ የውስጠኛው ጡንቻ በግራ በኩል ትንሽ ክፍተት አለው። ከክሊኒኩ ቢላዋ ይሁን ከባህል መድኃኒቱ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ዋናው ግን ፊኛው ነው። 40 ሚሊ ሊትር ላይ ልሂድ አልኩ። 80 ላይ አልቻልኩም። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጥፍ በላይ ይሸከማል። በሩ ደህና ነው፤ የደረቀው ስልቻው ነው።

ይህ ሕክምናዬን ለወጠው። ጡንቻ ለመጠገን ሩጫ ቀረ። ሥራው የአንጀቱን ቁጣ ማብረድ ሆነ። የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት ጀመርኩ፤ የሚሠራው ቀስ ብሎ፣ በወራት ነው። በየጊዜው የደም ምርመራ አለው። እሱን አታስታጉሉ፤ የደም ሴሎችንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ነው የሚታየው። እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉት መርፌዎች ለፊስቱላ የበለጠ እንደሚረዱ ተነግሮኛል፤ ዋጋቸው ለጊዜው ከአቅሜ በላይ ነው። የሚያገኝ ሰው ከመጀመሩ በፊት ለቲቢ መመርመር አለበት። መግሉ ሲበዛ ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ይታዘዙልኛል። ሜትሮኒዳዞል ላይ ጠጅም ጠላም ቢራም አይነካም። እግራችሁን መደንዘዝ ከጀመራችሁ ወዲያው ተናገሩ።

ሐዋሳ ላይ ላለን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። እንደ አዛታዮፕሪን ያለ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጥሬ ነገር መተው አለበት። አሞራ ገደል ከጓደኞቼ ጋር ጥሬ ዓሣ መብላት የቅዳሜ ወጌ ነበር። አሁን የተጠበሰውን እበላለሁ። ጥሬ ሥጋም እንዲሁ። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ አቁሙ፤ ክሮንስን በእርግጥ ያባብሳል።

የማጥበቅ ስፖርቱንም እሠራለሁ። አጥብቄ እይዛለሁ፣ ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ፣ እደግማለሁ። ጡንቻውን ይረዳል፣ የደረቀውን ስልቻ ግን አያለሰልስም። ያንን ስላወቅኩ ውጤት ሲዘገይ ራሴን አልወቅስም። ቡናዬን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እጠጣለሁ። ቡና አንጀቴን ያንቀሳቅሰዋል፤ እንቅስቃሴው ቤቴ ሳለሁ ያልቃል። ለሥራ ቀን ሐኪሜ የፈቀደችልኝ ሎፔራማይድ የሚባል ተቅማጥ የሚያስታግስ መድኃኒት አለ። ትኩሳት ወይም ደም ባለበት ቀን አልወስደውም። በሰገራ በወጣሁ ቁጥር በለብ ያለ ውሃ እታጠባለሁ፣ ሳልፈትግ በጨርቅ አደርቃለሁ።

ለኃላፊዬም ነገርኩት። የሐኪም ማስረጃ ይዤ፣ ዝርዝሩን ሳላወራ፣ «የአንጀት ሕመም አለብኝ፣ ድንገት መነሳት አለብኝ» አልኩት። ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለውን መስኮት ሰጠኝ። ሦስት ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ንግግር አለቀ።

ህንድ መሄድ የሚችል ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። እኔም የሄድኩት በአጎቴ ሕመም ነው። ስመለስ ሪፖርቱን ለሐዋሳዋ ሐኪሜ ሰጠኋት። አነበበችና የድሮ ካርዴን አወጣች። በጣቷ መርምራ የጻፈችው «ሲዝናና ላላ ያለ፣ ሲያጠብቅ ጥሩ» ይላል። ማሽኑ ያገኘውን ግማሽ በጓንት አግኝታው ነበር። የስልቻውን ነገር እንኳ፣ ለሽንት በሚገባው ተራ ባለፊኛ ካቴተርና በሲሪንጅ በግምት ማየት እንደሚቻል ነገረችኝ። ስለዚህ የማኖሜትሪ ማሽን የለም ተብሎ ምርመራው አይቀርም። ደብተር፣ ሁለት ጎዝ፣ አምስቱ ጥያቄ፣ የሠለጠነ ጣትና ኤምአርአይ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ።

ልብሴ ንጹህ አይደለም ብዬ ሐምሌ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ቤት የቀረሁባቸው ዓመታት ነበሩ። ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 ከባለቤቴ ጋር ሄጄ እስከ መጨረሻው ቆምኩ።

የዌክስነር ነጥቤ አሁን 7 ነው። ክሩ ገና አልወጣም። ሚያዝያ ላይ ሌላ ኤምአርአይ አለኝ፤ ዋሻው ከደረቀ ስለ ማውጣቱ እንነጋገራለን። ደብተሩንም አልተውኩም። የትናንቱ እንዲህ ይላል፦ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ቀጭን፣ ሁሉንም ደርሻለሁ። ስምንት ደቂቃ።